ሳተላይት የምንለው በኃይሉ

በእኛ አገር ሰው ሁለት ስም አለው፤ አንዱን ቄስ ያወጣለታል፣ ሁለተኛውን ጎረቤት። በኃይሉን ጎረቤት «ሳተላይት» ብሎታል። ማንም እንዳይወስድብኝ፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አንገቱ ላይ በጠፍር ያንጠለጠላትን፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ማሽን አሥር ጊዜ ወደ ሰማይ ቀና እያደረገ በደጄ ሲያልፍ አይቼ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዝናብ ልታስቆም ነው ወይስ ሳተላይት ልታወርድ?» አልኩት። ደጄ ላይ ሰው ነበር፤ ተሳቀ፤ በቃ፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ከቀየት እስከ ራቤል በኃይሉ ብላችሁ ብትጠይቁ «የቱ በኃይሉ?» ትባላላችሁ። ሳተላይት ካላችሁ ግን እጃችሁን ይዞ ቤቱ የሚያደርሳችሁ አይጠፋም።

እኔ ጌታነሽ ነኝ፤ ሱፍ ፈታይ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሸማኔ ነበር። እኔ ስፈትል እሱ ሲሸምን፣ ከእጃችን የወጣው ባና፣ ያ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ስንቱን ሰው ከመንዝ ብርድ እንዳተረፈ እግዜር ነው የሚያውቀው። እሱ ካለፈ ወዲህ እየፈተልኩ ለሌላ ሸማኔ እሰጣለሁ። ስለ በኃይሉ ላወራ የተነሣሁት ላመሰግነው ነው። ማመስገን አይሆንልኝም፤ ምላሴ የተሠራችው ለሌላ ነገር ነው፤ እሱም ያውቃል። ግን ይኼን ሰው ሳላመሰግን ብሞት ማርያም ትታዘበኛለች።

በኃይሉ የግሼ ሰው ነው። ራቤል አጠገብ፣ ገብስ ከሚያርሱና በግ ከሚያረቡ ሰዎች ተወልዶ፣ ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ አቋርጦ፣ የጓሳ ጥበቃ ሆኖ ወደ እኛ መጣ። ጓሳ ማለት የሁላችንም ሆኖ የማንም ያልሆነ መሬት ነው። ሣሩ ተከልሎ ይቆያል፤ ሽማግሌዎች «ተከፍቷል» ያሉ ቀን ማጭዱን ይዞ የማይወጣ የለም፤ ቤታችን የሚከደነው፣ ገመዳችን የሚገመደው በእሱ ነው። ከዚያ በፊት እግሩን ያስገባ ግን ወዮለት። በኃይሉ ይኼን ይጠብቃል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ይቆጥራል። ማሽኗንም የሰጡት ለዚሁ ነው። ቀበሮ ያየበት ቦታ ቆሞ ይጫናታል፤ እሷም ቦታውን ትይዝለታለች፤ ከርሞ ቢመለስ በቀስት እየመራች እዚያችው ላይ ታቆመዋለች። ጂፒኤስ ይሏታል።

«እኔ ትናንት የጣልኩትን እንዝርት ታገኝልኛለች?» አልኩት ይኼን ሲነግረኝ።

«እትዬ፣ ሲጥሉት ነግረዋት ከነበረ ታገኘዋለች» አለኝ።

ጨዋ ነው፣ ግን መልስ አያጣም። የወደድኩት በዚያ ነው።

አንድ በጋ ባልና ሚስት የሆኑ ፈረንጆች የእሱን የመሰለ ማሽን ይዘው መጡ። ጓሳ ላይ አንድ ዓለት ሥር ሰው የደበቀው ሣጥን አለ፣ ወደዚያ ውሰደን አሉት። ወሬው ወዲያው ተሰማ። ፈረንጅ በእኛ መሬት ላይ የተደበቀ ነገር ሲፈልግ ምን ማለት እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ፤ ጣልያን ቀብሮት የሄደው ወርቅ ነዋ! ዶማና አካፋ ይዞ ከኋላቸው ያልተሰለፈ ጎረምሳ አልነበረም። ሣጥኑ ተገኘ፤ ተከፈተ። ውስጡ ምን አለ? እርሳስ፣ የተጠቀለለ ወረቀት፣ የልጅ ጨሌ፣ የቁልፍ መያዣ። ፈረንጆቹ ስማቸውን ጻፉ፣ ተቃቀፉ፣ ሣጥኑንም መልሰው ቦታው ከተቱት። ዶማ የያዙት እርስ በርስ ተያዩ። «በቃ?» አለ አንደኛው። በቃ።

ጨዋታው ይኸው ነው። አንዱ ይደብቃል፣ የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው በማሽን እየተመራ መጥቶ ይፈልጋል። ሲያገኝ ስሙን ይጽፋል፤ ከሣጥኑ አንድ ነገር ከወሰደም አንድ ነገር ይተካል። እነሱ ጂኦካሺንግ ይሉታል። እኔ ግን ድብብቆሽን ድብብቆሽ ከማለት ወደኋላ አልልም። ትልልቅ ሰዎች፣ ባለትዳሮች፣ ባለሥራዎች፣ ከአዲስ አበባ ድረስ መኪና ይዘው መጥተው ድብብቆሽ! ወይ ጉድ አልኩ።

በኃይሉ ግን ልቡ እዚያው ዓለት ሥር ቀረ። ፈረንጆቹን ጠይቆ፣ በስልኩ አጥንቶ፣ በሚቀጥለው በጋ እሱ ራሱ ደባቂ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ጠሪ። ከደብረ ብርሃን፣ ከአዲስ አበባ፣ ከመሐል ሜዳም ሳይቀር ሰው ይሰበስባል። ጠዋት ሜዳ ላይ ያቆማቸውና በቡድን በቡድን ይከፍላቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ማሽንና አንድ ፊሽካ ያድላል። ከዚያ ስብከቱን ይጀምራል። «የባትሪ ድንጋይ የእኛን ብርድ አይወድም፤ ትርፉን በብብታችሁ ያዙት። ቀስቷ ገደል አታውቅም፤ ‘ወደፊት’ ብቻ ነው የምትለው፤ ገደሉን እናንተ እወቁት። ሲቀርባችሁ ማሽኗን ኪስ ክተቱና በዓይናችሁ ፈልጉ። መቆፈር የለም፣ መቅበር የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ መደበቅ የለም፤ የተከለለ ሣር የረገጠ ደግሞ ከእኔ ጋር ነው። ጉም ከመጣ ባላችሁበት ቁሙና ፊሽካ ንፉ።» ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚለው። የከተማ ልጆች ይስቁበታል፤ ጉሙ ሲመጣ ግን ፊሽካቸውን ጨብጠው ጠቦት ይመስላሉ።

ለእሱ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። አንዱ ፈረስ እንዲያከራይ፣ አንዷ ምሳ እንድታበላ፣ አንዱ ቆሎና በሶ እንዲሸጥ እያደረገ መንደሩን ሁሉ አስገባበት። እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ቤቴ ከመንገዱ ወጣ ያለ ነው፣ ማን አባቱ ወደዚያ ይታጠፋል። «የእኔስ ደጅ አልተፈጠረም?» ብዬ አንዴ ተኮሳተርኩበት። «ይታሰብበታል፣ እትዬ» አለኝና ከእኔ ክር የተሸመነ የሱፍ ቁራጭ ለምኖ ሄደ። ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩትም።

ጉዱ የመጣው እዚህ ጋ ነው።

ዓለሚቱ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። የሚለየን አንድ ካብ ነው፤ እሳት ስንጫጫር፣ ወንፊት ስንዋዋስ፣ ስንኳረፍ ስንታረቅ የኖርን ነን። ልጇ አርሴማ አግብታ ቀየት ትኖር ነበር። አረገዘች፣ ጨነገፈባት፤ ደግማ አረገዘች፣ እሱም ጨነገፈባት። እንደገና ስትይዝ እናቷ «ከእንግዲህ ከዓይኔ አትርቂም» ብላ አመጣቻት። ከዚያ ወዲህ ዓለሚቱ እንቅልፍ የላትም። ቁራ ሲጮህ ትደነግጣለች፤ እንግዳ ሰው በደጇ ሲያልፍ ልጇን ወደ ውስጥ ታስገባለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን እንዲያ ነበር የምሆነው።

በጥቅምት አንድ ጠዋት አውራ በግ ካቡን አፈረሰው። ዓለሚቱ ድንጋዩን መልሳ ልትክብ ጎንበስ ስትል፣ ከሰፊ ድንጋይ ሥር በሱፍ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። «ኡኡ! የማርያም ያለህ!» ስትል ሰማሁ። አርሴማ ምን ሆነች ብዬ እንዝርቴን ጥዬ በረርኩ። ስደርስ መንደሩ ተሰብስቧል። ሱፉ ተፈቷል፤ ውስጡ ሣጥን፤ ሣጥኑ ውስጥ ቀይ ጨሌ፣ የወፍ ላባ፣ የዛገ ሳንቲም፣ ረጅም የሰው ፀጉር የተጠመጠመበት የፀጉር ማሰሪያ፣ የተጠቀለለ ወረቀት፤ ወረቀቱ ላይ ባዕድ ፊደል ተሞነጫጭሮበታል።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። መንዝ ውስጥ ይኼን ከካብ ሥር አውጥቶ «መተት ነው» የማይል ማን ነው? እኔ ራሴ ነኝ መጀመሪያ ያልኩት። አማትቤ፣ «ይኼንን ያደረገ እጁ ይሰበር» ብዬ ተራገምኩ። የበኃይሉን ሣጥኖች አላውቃቸውም ነበር፤ ዶማ ይዘው የሄዱት ሲያወሩ ነው የሰማሁት እንጂ አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁም። እነሱ ያዩት ሣጥን ደግሞ ሱፍም ፀጉርም አልነበረውም።

«ሱፉስ የማን ነው?» አለ አንድ ሰው።

አየሁት። የሠራሁትን ክር እንደ ገዛ እጄ አውቀዋለሁ፤ የእኔ አፈታተል ከማንም ጋር አይምታታም። አፌ ደግሞ ከልቦናዬ ቀድሞ ነው የሚሮጠው። «የእኔ ነው» አልኩ።

ሰው ከአጠገቤ ፈቀቅ አለ። ያ ፈቀቅ ማለት ከእርግማን ይከፋል። ድሮ ሸማኔን፣ ቀጥቃጭን፣ ሸክላ ሠሪን «ዓይናቸው ሰው ይበላል» እያሉ ያሙ ነበር። ባሌን ሳገባ የገዛ እናቴ እንኳ አልቅሳለች። በኋላ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ስብከቱ መጣ፣ ሰውም ተወው፤ የሞተ መስሎኝ ነበር። ለካ ተኝቶ ኖሯል። ዓለሚቱ ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ፣ «ልጄ ምን አደረገችሽ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ሱፉን ለበኃይሉ መስጠቴ በዚያ ድንጋጤ ትዝ አላለኝም።

ቄስ ገብረ አማኑኤል ተጠሩ። ጠበል ረጩ፣ ሣጥኑን በጨርቅ ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ አስቀመጡት።

«አባ፣ እርስዎ ያውቁኛል እኮ!» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጸልዪ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ይኼ ምን ዓይነት መልስ ነው? ጸሎቱንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ የፈለግኩት አንድ ቃል ነበር።

የባሰው ደግሞ፣ ያ ወር የማርያም ማኅበር የእኔ ተራ ነው። ማኅበር ማለት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አልነግርም፤ ለማያውቅ ግን፣ ስትታመም የሚጠይቅሽ፣ ስትሞቺ የሚያለቅስልሽ፣ ልጅሽን ስትድሪ እንጀራ ይዞ የሚመጣ፣ እሱ ማኅበር ነው። እኔ ባልቴቷ ደግሞ ሌላ ዘመድ የለኝም፤ ማኅበሬ ነው ዘመዴ። ብቅሉን አዘጋጅቻለሁ፣ ጌሾው ተወቅጧል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሴቶቹ ሳይጠሩ መጥተው አንዷ ትነፋለች፣ አንዷ ታቦካለች፣ ሁላችንም ሰው እናማለን። ያን ጊዜ ግን ጥላ እንኳ በደጄ አላለፈም። ከዚያም መልእክት መጣ፤ «ለዚህ ወር ተራው ይለፋት» ተባለ። አንዴ ከዘለሉሽ ዘለሉሽ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ ስም እኔ ገና ከመቃብር በላይ ሆኜ ሊቀበር ነው።

«ጠላዬን እጠምቃለሁ!» ብዬ ለላከችው ሴት ነገርኳት። «ማንም ባይመጣ እኔና ማርያም እንጠጣዋለን በያቸው!» ይኼን ብዬ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ልዋሻችሁ አልችልም፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

በኃይሉ ይኼ ሁሉ ሲሆን የለም። ከማርያም ዕለት በኋላ የሚደረግ፣ ከዚያ በፊት ያልታየ ትልቅ የድብብቆሽ ስብስብ ጠርቷል፤ መጀመሪያ ጓሳ ላይ ነጥቦቹን ሲያዘጋጅ፣ ከዚያ ማሽን ሊዋስ ደብረ ብርሃን ወርዶ ሰንብቷል። ቅዳሜ ሲመለስ መንገድ ላይ ሰማ። ቤቱ አልገባም፤ ሻንጣውን እንደተሸከመ ነው በሬን ያንኳኳው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ መሆንህንማ አያለሁ።»

«ሣጥኑን ማለቴ ነው። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

እጄ ላይ ሱፍ መጥረጊያው ነበር፤ ወረወርኩበት። ጎንበስ ብሎ አሳለፈው። ከዚያ አንድ በአንድ ነገረኝ። ለስብስቡ ከሚፈለጉት ሣጥኖች አንዱን ካቡ ውስጥ ያደረገው ሰዎቹ በደጄ እንዲያልፉ ነው፤ ባናዬን አይተው እንዲገዙ። የለመነኝን ሱፍ ሣጥኖቹን ከእርጥበት ሊጠብቅበት ጠቀለለበት። ውስጡ ያለውን ፀጉር ማሰሪያና ባዕድ ጽሑፍ ደግሞ ሣጥኑ ቀድሞ ሌላ ቦታ ሳለ ያገኙት ፈረንጆች የተዉት ነው። ለዓለሚቱ አልነገራትም፤ ካቡ ከመንገድ ዳር ስለሆነ የማንም አይደለም ብሎ።

«ለእኔስ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«እትዬ፣ ለእርስዎ ነግሬ ማን ሳይሰማ ሊቀር ነው?»

እውነቱን ነው። ያን ጊዜ እንኳ ሳልወድ ሳቅ አመለጠኝ። ሰውዬው መልካም ሊሠራልኝ ብሎ ነበር፤ እጁ አመድ አፋሽ ሆነና ነው እንጂ።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት እናገራለሁ» አለ።

«ተው በኃይሉ። ሽማግሌዎቹ ጨዋታህን ይከለክሉሃል። ያን ሁሉ ሰው ጠርተህ!»

«ይከልክሉ።»

«አንተኑ ደብተራ ቢሉህስ? ልጅ አለህ፣ ሚስት አለችህ።»

«ይበሉኝ፣ እትዬ። ድብብቆሹ ይቅር። የእርስዎ ስም ከሚጠፋ ጓሳ ላይ አንድም ሣጥን አይኑር።» ያንን ሥራ ለማቋቋም ስንት በጋ እንደለፋ አይቻለሁ፤ እንዲያ በአንድ ቃል ጣለው። አመስጋኝ መሆን አልለመድኩምና «በል ሂድ፣ እግርህን ታጠብ፣ ትሸታለህ» አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጥዱ ሥር እንደቆመ በኃይሉ መሐል ገባ። ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። «ያ ሣጥን የእኔ ነው። ሳላስፈቅድ ሰው ቤት አጠገብ ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው። እትዬ ጌታነሽ የሚያውቁት ነገር የለም» አለ። ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ዓለሚቱ ግን እሺ አላለችም።

«ለእሷ ብሎ ነው!» አለች። «ስለሚያዝንላት ነው! መተትን ጨዋታ ነው የሚል የት ታይቶ ያውቃል?»

በኃይሉ አልተቆጣም። ከአንገቱ ላይ ማሽኗን አውልቆ በሁለት እጁ ዘረጋላት። «እትዬ ዓለሚቱ፣ ሌሎች ሣጥኖች አሉ፤ ጓሳ ላይ ናቸው። የአንዱን ቦታ ለማሽኗ ነግሬያታለሁ። እኔ ከኋላ እሆናለሁ፤ መንገዱን እርስዎ ይምሩን።»

ዓለሚቱ ወደ ቄሱ አየች። እሳቸውም በመስቀላቸው ማሽኗን ባረኳትና «ያዢያት» አሏት። በባዶ እጇ ምን ቆርጧት! እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ነው የተቀበለቻት።

ያን ቀን ያየነውን ሰልፍ ጓሳ አይቶ አያውቅም። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ዳገቱን ይወጣል፤ ፊት ፊት ዓለሚቱ፣ ማሽኗን እንደ ጋለ ድስት ከሰውነቷ አርቃ ይዛ። ቁጥር አታነብምና አባ ገብረ አማኑኤል በበቅሏቸው አጠገቧ ሆነው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ የቀረውን ሜትር በቅዳሴ ዜማ ሊያነቡላት ምንም አልቀራቸው። ቀስቷ ወደ ረግረጉ ስታሳያት ቀጥ ብላ ገባችበት። «እትዬ፣ ዞር ብለው ይሂዱ!» ቢላት በኃይሉ፣ «አንተ ከኋላ ነኝ ብለሃል፣ ዝም በል!» አለችው። እስከ ጉልበቷ ገባች፤ ወጣች፤ አሁንም ቀጥ ብላ። ግትርነቷን በዚያ ቀን አደነቅኩላት።

አንድ ጅብራ፣ ያ ቁመተ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ አጠገብ ማሽኗ ጮኸች። አባ አማተቡ። ዓለሚቱ ወደ እኔ ዞረችና «አንቺ እዚያው ቁሚ» አለችኝ። ቆምኩ። ሣጥኑ ባይገኝስ? ሌላ ሰው ወስዶት ቢሆንስ? ዓለሚቱ አንዱን ድንጋይ ስታነሣ፣ ሌላውን ስትገለብጥ ቆየችና እጇን ሰደደች። በእኔው ሱፍ የተጠቀለለ ሣጥን ይዛ ወጣች። ፈታችው። ጨሌ፣ እርሳስ፣ የተጠቀለለ ወረቀት።

ሰፈሩ ሁሉ ባዶ ሜዳ ነው፤ ቤት የለ፣ ማሳ የለ። ጭላዳዎች ብቻ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ያዩናል። ዓለሚቱ ሣጥኑን አየች፤ ጭላዳዎቹን አየች።

«እና ይኼኛውስ ለማን ተደረገ?» አለች። «ለእነዚህ?»

አባ ገብረ አማኑኤል ከበቅሏቸው ሊወድቁ ነበር። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ጥምጥማቸው ተፈታ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ። ዓለሚቱም ሳቀች፣ ሳቋም ሳያልቅ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። «ምን ላድርግ፣ ልጄ እኮ ናት፣ እሷን ብቻ ነው ያለኝ» ትላለች። ሄጄ አላቀፍኳትም። መልአክ አይደለሁም፤ አንጀቴ ገና ቁስል ነበር። «ቀሚስሽ ረጥቧል፣ ተነሺ፣ ብርድ ይመታሻል» ብያት ቀድሜ ወረድኩ።

ሽማግሌዎቹ ጨዋታውን አልከለከሉም፤ ሥርዓት ግን አወጡለት፤ በኃይሉ ሣጥን ባስቀመጠ ቁጥር ለአካባቢው ሰው ይነግራል፣ ከቅዳሴ በኋላም ያስነግራል። ድብብቆሽን በአዋጅ! ሣጥኖቹም ላይ አሁን በትልቁ «ይህ ጨዋታ ነው፤ መተት አይደለም» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ፈረንጆቹ ምን ይላል ብለው ሲጠይቁት «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል ይላቸዋል፣ አሉ። ስብስቡም ተካሄደ፤ ደጄ ድረስም መጡ፤ ባናዎቼን ለብሰው ሄዱ። ተመስገን። ዛሬ እኔ ራሴ በእነሱ ቀን ምሳ አቅራቢ ነኝ፤ የጠፋ ሰው ካለ ደግሞ ከፊሽካው ይልቅ የእኔ ጥሪ ይሰማል ይላሉ። ይኼ ሁሉ የመጣው በዚያ ሰውዬ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያሳልፈው ነበር፤ ማን ያውቅበት ነበር? ስሙን ጥሎ የእኔን አነሣልኝ። እግዜር ዕድሜውን ያርዝመው፣ ልጆቹን ያሳድግለት።

የማርያም ዕለት ግን ከጓሳ ብንወርድም ስብስቡ ገና ነበር። ተራው ይለፋት ያለች ሴት ቃሏን አንሥታ አልላከችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቤቱን ጠረግኩ፣ ጠላውን ቀዳሁ፣ ለማይጠጡት የማር ብርዝ በጠበጥኩ፤ ተቀመጥኩ። ረፈደ። አባ ገብረ አማኑኤል ብቻቸውን መጥተው ጸሎት አደረሱ፤ «ያን ቀን ከጸሎቱ በፊት አንድ ቃል ይገባሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከዚያ ከውጭ ኮቴ ሰማሁ።

ሴቶቹ ናቸው፤ ሁሉም። ፊት ዓለሚቱ፣ ከኋላዋ አርሴማ፣ ሆዷ ገፋ ብሏል። ገቡ፣ ተቀመጡ። «እንደምን ዋልሽ» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባባልን። ለአርሴማ ብርዙን ቀዳሁ። እንግዲህ በእኛ ደንብ አስተናጋጅ የቀዳችውን ጠብ አድርጋ በመዳፏ ራሷ ትቀምሳለች፤ ውስጡ ክፉ ነገር እንደሌለ ሰው እንዲያይ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላስበው ያደረግኩት ነገር ነው። ያን ቀን ግን የሁሉም ዓይን መዳፌ ላይ ነበር። ኩባያውን ዘንበል አደረግኩ።

ዓለሚቱ ክንዴን ያዘች።

«ተይው፣ አትቅመሺ» አለች። ኩባያውን ከእጄ ወስዳ ለልጇ ሰጠቻት። «ጠጪ፣ ልጄ።»

አርሴማ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ጠጣች። እስከ መጨረሻው ጠጣችና ኩባያውን በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

«እትዬ፣ ይጨምሩልኝ» አለች።